የላሊበላ ጉዞ፦ ከደብረ ብርሃን መቼ እንነሳ?

ሰላም የጉዞ ማኅበራችን አባላት፣

የቅዳሜውን መነሻ ሰዓት ዛሬ መወሰን አለብን። ከቦሌ ላሊበላ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራው አንድ ሰዓት አካባቢ ቢወስድ ነው። ጊዜያችንን የሚበላው ከደብረ ብርሃን ቦሌ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ነው። የአዲስ አበባ መግቢያ ላይ መጨናነቅ አለ።

አውሮፕላኑ ጠዋት 4 ሰዓት ይነሳል፣ 2 ሰዓት ላይ ቦሌ መገኘት አለብን። ስለዚህ ወይ ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት፣ ወይ ዓርብ ወርዶ አዲስ አበባ ማደር ነው። እናቶቻችን በሌሊት ባይንገላቱ ደስ ይለኛል፤ እኔ ማደሩን እመርጣለሁ።

መታወቂያ አትርሱ፣ ስሙ ከትኬቱ ጋር አንድ ይሁን። ላሊበላ ኤርፖርቱ ከከተማው ራቅ ስለሚል መኪና አስቀድመን እንይዛለን።

እስከ ማታ 2 ሰዓት «ሌሊት» ወይም «ዓርብ» ብላችሁ መልሱልኝ።