አደራ ያልከኝ ላፕቶፕ

ሰላም ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅር በለኝ። የእናቴ ሕመም፣ የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ሩጫ፣ ነገ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ።

ዛሬ ያስጻፈኝ ላፕቶፕህ ነው። አሜሪካ ስትሄድ አደራ ብለህ የሰጠኸኝ ቲንክፓድ ቲ420። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም በሱ ነው። ባለፈው እሑድ ከሥሩ ያለችውን ብሎን በካቻቪቴ ፈትቼ ሃርድ ዲስኩን አወጣሁና ፈጣኑን ማከማቻ፣ ኤስኤስዲ፣ ከተትኩበት። ፋኑ ላይ የነበረው አቧራ እንደ ባዘቶ ተጠቅልሎ ወጣ። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንኩበት። አሁን ልጄ የቤት ሥራዋን ትሠራበታለች። በ2011 የወጣ ዕቃ ነው እኮ! (ዓመቶቹን በናንተ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።)

በዚያው ሳምንት አንዲት ተማሪ አዲስ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ራም ጨምርልኝ አለችኝ። ስከፍተው ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ባትሪውም በሙጫ ተጣብቋል። ዘግቼ መለስኩላት። ልጅቷ አፈር ስትሆን አየኋት። አባቷ ስንት ወር አጠራቅሞ ይሆን የገዛላት? ይህን ሆን ብሎ የሚሠራ ኩባንያ ደንበኛውን ይንቃል። ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ዋናው ግን የዊንዶውስ 10 ጉዳይ ነው። ኦክቶበር 14፣ 2025 ማይክሮሶፍት ድጋፉን፣ ማለት የደኅንነት ማሻሻያ መላኩን፣ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና በአብዛኛው ከ2017 ማብቂያ ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ጠራኝ። ግድግዳ ሥር የተደረደሩ ኮምፒውተሮች አሳዩኝና "ጊዜያቸው አልፏል፣ በጅምላ ውሰድልን" አሉኝ። አንዱን ሰክቼ አበራሁት። ቀጥ ብሎ ተነሳ። ሌላውም እንደዚያው። ምንም አልሆኑም! ሦስት ሞኒተር ግን እኔ ከመድረሴ በፊት ቆራሌው ወስዷቸዋል።

አንተ ሁሌ "ግን" ትል ነበር። ግን ደኅንነቱስ ትለኛለህ። ልክ ነህ። ባንክ የደኅንነት ማሻሻያ በሌለው ሲስተም ይሥራ አልልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ብረቱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሶፍትዌር መሞቱ ነው። ተጨማሪ የአንድ ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ለግለሰብ በ30 ዶላር መሸጥ ከተቻለ፣ መሥራት ይቻላል ማለት ነው።

ነገሩ ደግሞ የገንዘብ ብቻ አይደለም። አምራቾቹ ራሳቸው በሚያወጡት ሰነድ፣ የአንድ ላፕቶፕ ብክለት አብዛኛው የሚወጣው ሲመረት ነው። ገና እኔ ሱቅ ሳይደርስ! አብዛኛው የሚገጣጠመው ቻይና ነው። እዚያ ከግማሽ በላይ መብራቱ ከድንጋይ ከሰል ይመጣል። የኛ መብራት ደግሞ ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው። ስለዚህ እዚህ አዲስ አበባ አሮጌ ኮምፒውተር ቢበራ አየሩን የሚጎዳው እዚህ ግባ አይባልም። ጥሎ አዲስ ማስመጣቱ ነው ጉዳቱ። በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በዓለም ወጥቷል። በአግባቡ ተሰብስቦ ዳግም ጥቅም ላይ የዋለው ሩቡን እንኳ አይሞላም።

ይኸው ማይክሮሶፍት በ2020 ቃል ገብቶ ነበር፤ በ2030 ከሚለቀው ካርቦን የበለጠ ከአየር ሊያስወግድ። በ2024 ባወጣው ሪፖርት ግን ብክለቱ ከ2020 ወዲህ 29 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ምክንያቱ በአብዛኛው የዳታ ሴንተር ግንባታ ነው፤ የኢንተርኔት መረጃ የሚያከማቹ ኮምፒውተሮች የሚታጨቁበት ሕንፃ ማለት ነው። ብረቱ፣ ሲሚንቶው፣ ቺፑ።

ዳታ ሴንተር ስል አንተ ትዝ አልከኝ። እዚያው ቨርጂኒያ አሽበርን አካባቢ ስታልፍ "መስኮት የሌላቸው ሕንፃዎች ሰፈር ሙሉ ተደርድረዋል" ያልከኝን አልረሳሁም። በ2023 ቨርጂኒያ ውስጥ ከተበላው መብራት ሩብ ያህሉ የዳታ ሴንተሮች ነበር። የመብራት ሂሳብህ ጨምሯል ወይ? እውነቱን ንገረኝ። እኛም ጋ ከግድብ ውሃ የሚመነጨው መብራት ቢትኮይን የሚባለውን የኮምፒውተር ገንዘብ ለሚያመርቱ ማሽኖች ሲሸጥ ቆይቷል። ስንትና ስንት ገጠር ገና በኩራዝ እያደረ። ይህን ሳስብ ሆዴ ይቃጠላል።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም የምትሠራበት ቦታ ኮምፒውተር ሲቀይር፣ የሚነሳውን ብቻ ለይተህ ሰው ሲመጣ ላክልኝ። የሞተውን አትላክ። የሚቀብረው የለንም። ቲ420ህ ደግሞ ባትሪው ሃያ ደቂቃ እንኳ አይቆይም። ኦሪጅናል ካገኘህ አንድ ላክላት። ልጄ መብራት በጠፋ ቁጥር የጻፈችው እየጠፋባት ታለቅሳለች።

ናፋቂህ ወንድምህ