የልጅነት ገጠር በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ቁመት?

ይድረስ ለአዘጋጁ

የልጅነት አገራቸውን በትዝታ ስለሚሥሉ ሠዓሊዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ ለእንዲህ ያለ ሥዕል ስሜት ብቻ ይበቃል የሚል ይመስላል። አይበቃም። ሐረርና ድሬዳዋ ሱቆች ውስጥ ከሚሰቀሉት የገጠር ሥዕሎች ብዙዎቹ ከካሌንደር የተቀዱ እንጂ ሐረርጌን የሚያሳዩ አይደሉም። ሠዓሊውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን በወለደች ሐረር ይህ መለመዱ ያሳዝናል።

ዋናው ስህተት የዓይን ከፍታ ነው። ሜዳ ላይ አድማሱ የሚያልፈው በተመልካቹ ዓይን ልክ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ዓይን ከመሬት 1 ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ልጅ ባየው ሜዳ ላይ የቆመ አዋቂ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ አድማሱ ወገቡ ላይ ያርፋል፤ ደረቱና ራሱ ሰማይ ላይ ነው። የኛዎቹ ሠዓሊዎች ግን የአድማሱን መስመር በአዋቂዎቹ ግንባር ያሳልፉታል፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ከፍ አድርገውት ከ2 ሜትር በላይ የሚያድገው ማሽላ ቁልቁል እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይታያል። ለልጅ ማሽላ ግድግዳ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው የአገዳው አንጓና ታች የደረቀው ቅጠል ነው፤ የፍሬው ራስ ከሸራው ጠርዝ አልፎ ቢቆረጥ ምንም አይደል።

ከዚያ ወሩ ይወሰን። አደይ አበባ የመስከረም ነው፣ ማሽላ የሚታጨደው ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ሁለቱን አንድ ሸራ ላይ ያየ ገበሬ ይስቃል። የሐረማያ ሐይቅም ደርቆ ከርሞ የተመለሰ ነው፤ በደረቀባቸው ዓመታት ልጅ የነበረ ሰው ትዝታው ውኃ ሳይሆን ግጦሽ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ ለእርከኖቻችን በጣም ይቀዘቅዛል። ቢጫ ኦከር (የአፈር ቢጫ) እና አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ) ቀላቅሎ ቅንጣት ቀይ ጣል ማድረግ ይሻላል። የጫት ማሳ ደግሞ ሁለት ቀለም አለው፤ የበሰለው ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ፣ ለጋው ጫፍ ቀላ ያለ ነው። ያችን ቅላት የረሳ ሠዓሊ የሣለው ሻይ ቅጠል ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም የሚሰነጠቅ ሥዕል አለ። በዘይት ቀለም የመጀመሪያው ንብርብር በተርፐንታይን ይቅጠን፣ የተልባ ዘይቱ ወደ ላይኛው እየጨመረ ይሂድ። ዘይት የበዛበት ሰማይ ሥር ሆኖ ዘይት ያነሰው ተራራ በላዩ ከተቀባ፣ የላዩ ቀድሞ ይደርቃል፤ የሥሩ ገና እየተንቀሳቀሰ ይሰነጥቀዋል። ድሬዳዋ ላይ ቶሎ በሚደርቀው የውኃ ቀለም፣ በአክሪሊክ የሚሠራ ደግሞ ቀለሙን እርጥብ ጨርቅ ላይ ያስቀምጥ፣ አለዚያ ሰማዩን ሳያለሰልስ ይደርቅበታል። የተልባ ዘይት ተወደደ ብሎ የወጥ ቤት ፓልም ዘይት የሚቀላቅል አይጠፋም፤ ይህ ዘይት ዓመትም ቢቆይ አይደርቅም፣ ሥራው የድሬዳዋውን የደቻቱ ወንዝ አቧራ መሰብሰብ ብቻ ነው።

የሥዕል መምህር፣ ከሐረር