ንስሐ ገባን፤ የወሰድነውስ?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው።

በዓልና ጾም ሲደርስ ብዙ ትጽፋላችሁ፤ እኔም አነባለሁ። ጥምቀት ሲሆን ታቦታቱ ስለሚያድሩበት፣ ፍልሰታ ሲገባ ሱባኤ ለመያዝ በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት ስለሚሻገረው ሕዝብ። አንድ ነገር ግን ሲነሳ አላየሁም። ከሱባኤ የተመለሰው ሰው በማግስቱ ሱቁን ሲከፍት ምን ተለወጠ? ሠራተኛው ምን አየችበት? ደንበኛውስ?

በቀጥታ ልናገር። ብዙዎቻችን ንስሐ እንገባለን። የንስሐ አባታችን የሰጡንን ቀኖና እንፈጽማለን፣ እንሰግዳለን፣ እንጾማለን፣ ለነዳያን እንመጸውታለን። ከሰው የወሰድነው ግን እዚያው እኛ ጋ ይቀራል። ኃጢአቱ ተናዝዞ ገንዘቡ ኪሳችን ውስጥ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 12 «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ» ሲል ጥቅሱን በቃላችን እንይዘዋለን፤ አንድ ምዕራፍ ወረድ ብሎ በ13 ላይ «ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ» የሚለውን ግን ማን ይጠቅሰዋል?

ዘኬዎስን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛፍ ላይ መውጣቱን ሕፃናት ሳይቀሩ ይተርኩታል። ከወረደ በኋላ ያለውን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። የቀራጮች አለቃ ነበር፣ ሀብታም ነበር፤ ጌታ ቤቱ በገባ ዕለት ቆሞ ካለኝ ሁሉ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ አለ፣ በዚያም ሳያበቃ በሐሰት የወሰድኩበት ሰው ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ሁለቱን ለይታችሁ እዩልኝ። ለድሃ መስጠት ምጽዋት ነው፣ ለተበደለው መመለስ ግን ዕዳ መክፈል ነው። እኛ የፊተኛውን ይዘን የኋለኛውን ትተነዋል። አራት እጥፍ የሚለውም እንዲያው የመጣ ቁጥር አይደለም። በዘሌዋውያን 6 ቀምቶም ሆነ አታልሎ የወሰደ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምርበት ታዟል፤ 100 ብር የወሰደ 120 ይመልሳል ማለት ነው። አራት እጥፉ ደግሞ በዘፀአት 22 በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሰው የሚከፍለው ነው። ዘኬዎስ ማንም ሳያስገድደው ራሱን ከበግ ሌባ ጋር ቆጠረ።

«ምሕረት እኮ በነጻ ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። ጌታ «ፈጥነህ ውረድ» ያለው ዘኬዎስ ገና አንድ ሳንቲም ሳይመልስ ነው። መጀመሪያ ተጠራ፣ ከዚያ እጁ ተፈታ። ግን በነጻ ይቅር የተባለ ሰው የሌላውን ደመወዝ ይዞ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የተቀጠረች ልጅ ደመወዟ «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ይባላል። ከዚያ ብርጭቆ ሰበርሽ ተብሎ ይቆረጣል፣ ታመሽ ተኛሽ ተብሎ ይቆረጣል፣ ለበዓል ቤተሰቦቼን ልይ ያለች ቀን ደግሞ ጠብ ተፈጥሮ ባዶ እጇን ትወጣለች። ያባረራት ቤት ረቡዕና ዓርብ አይሽርም! ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። የዚያች ልጅ ደመወዝም እየጮኸ ነው። ስልኳ ካለን በቴሌብር ለመላክ ደቂቃ አይፈጅም፤ ቁጥሯ ከጠፋም ያመጣት ደላላ ይጠየቅ።

በቅቤና በበርበሬ ባዕድ ነገር የሚቀላቅለውን፣ ሚዛን የሚያዛባውን፣ ነዳጅ ጠፋ ብሎ በባጃጅ ታሪፍ ላይ የፈለገውን የሚጨምረውን አላብራራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የዓሣው ነገር ግን ያንገበግበኛል። ክረምት ሲገባ ከጣና ብዙ ዓሦች ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከጣና በቀር በዓለም የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉ። ጊዜው ከሐምሌ ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ ነው፤ ፍልሰታ መሃሉ ላይ ትውላለች። በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚያወጣው እንቁላል የያዘችውን ነው። ድህነት እንዳለ አውቃለሁ፣ ልጆቹ ርቧቸው የወጣ አሥጋሪ ላይ ብቻ ጣቴን አልቀስርም፤ መረቡን የሚሸጥለትና ዓሣውን የሚረከበው ነጋዴም አብሮ ይጠየቃል፣ ነጋዴው ደግሞ ምናልባት ፍልሰታን ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ነው። እዚህ ላይ የተበደለው ገና ታንኳ መቅዘፍ ያልጀመረ ልጅ ነው። ለእሱ ብር አይመለስለትም። የሚመለስለት መረቡ ከወንዙ አፍ ሲነሳ ብቻ ነው።

ባለቤቱ ባይገኝስ? ቢሞትስ? ዘኍልቁ 5 ይህንንም አይተወውም። ካሣውን የሚቀበል ዘመድ ከሌለ ለእግዚአብሔር ይሁን፣ ለካህኑ ይሰጥ ይላል። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ ባለቤቱ፣ ቀጥሎ ዘመዱ፣ ተቀባይ ሲጠፋ ቤተ መቅደስ። እኛ ጋ ተገልብጧል። የግንበኞቹን ሒሳብ ሳይዘጋ ለሕንጻ ቤተ ክርስቲያን የሰጠውን በማይክ የሚያስጠራ ሰው አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን አይሠራ እያልኩ አይደለም፣ እኔም የማዋጣ ሰው ነኝ። ጌታ ግን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። ይህ የኦርቶዶክሳውያን ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ ጌታን ተቀበልኩ ብሎ የሚመሰክረውም ወገናችን የድሮ አበዳሪዎቹን ማስታወስ አለበት።

የሚመልስ ሰው የለም ማለቴ አይደለም። የማውቀው አንድ ሰው ግንባታ ላይ ሠራተኛ ይቆጣጠር ነበር። ልቡ ከተመለሰ በኋላ ደመወዝ ያስቀረባቸውን የቀን ሠራተኞች፣ ጠዋት ሥራ ፍለጋ ከሚቆሙበት ቦታ እየሄደ ፈለጋቸው። አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ሄደዋል። ያገኛቸውን ከፈለ። አንደኛው ሌላ ተንኮል ያለው መስሎት ብሩን አልቀበልም ብሎ አስቸገረው። ሰው የገዛ ገንዘቡ ሲመለስለት የሚደነግጥበት ጊዜ ላይ ደርሰናል፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ሐዘን የለም።

ስለዚህ አባቶቻችንን በትሕትና እለምናለሁ፤ ስንናዘዝ «የማንን ይዘሃል? መለስክ?» ብላችሁ ጠይቁን። ብናፍርም ጠይቁን። በጽዋ ማኅበራችንም እንነጋገርበት፤ ማኅበርተኛው ብር ጎድሎት መመለስ ካቃተው አዋጥተን እናግዘው፣ በየወሩ ለድግስ እናዋጣ የለ?

እናንተ ደግሞ ለሚቀጥለው ፍልሰታ ከጉዞው ዘገባ ጎን አንድ ገጽ ስጡን። ደመወዛቸው የቀረባቸውን ሠራተኞች ስማቸውን ሳታወጡ አነጋግሩ። መምህራኑንም የሰው ገንዘብ ይዞ ሊቆርብ የመጣ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ጠይቁና መልሳቸውን አትሙልን። እኔ በበኩሌ ጋዜጣውን ገዝቼ ለማኅበራችን አባላት አድላለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር