ኳሷ ሳትመጣ እግርሽ ይድረስ

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ቡድን ጓደኛሽ አወራወር «ለእሷ ተሰጥቷታል፤ እኔ ግን ለፍቼም አልደርስባትም» ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሰልጣኙ ከቋሚ አሰላለፍ አውጥቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ስላስቀመጠሽም ጽፈሻል። ለሁለቱም የአሜሪካውን ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሬይ አለንን አንሥቼ ልመልስልሽ። ሰዎች «እግዚአብሔር ውብ አወራወር ሰጥቶሃል» ሲሉት ይናደድ ነበር፤ በየቀኑ የሠራሁትን ሥራ አታሳንሱብኝ ይላቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 2013 ያገባትን ቅርጫት በስልክሽ ሳታያት አልቀረሽም። የኤንቢኤ፣ የአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ነው። ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ የአለንን ቡድን ማያሚ ሂትን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 2 ይመራል፤ ይህን ካሸነፈ ዋንጫው የእሱ ነው። 28 ሰከንድ ሲቀር ስፐርስ 94 ለ 89 ይመራ ነበር፤ ለዋንጫው ሥነ ሥርዓት ሜዳውን የሚያጥሩበት ቢጫ ገመድ ሳይቀር ወጥቷል። የማያሚው ሌብሮን ጄምስ ባለ ሦስት ነጥብ አገባ። የስፐርሱ ካዋይ ሌናርድ ከሁለት የቅጣት ምት አንዱን ሳተ፤ 95 ለ 92። ሌብሮን እንደገና ሞክሮ ሲስት የማያሚው ክሪስ ቦሽ ሪባውንዱን፣ ተመልሳ የመጣችውን ኳስ፣ ያዘና ኳሷን ቀኝ ማዕዘን ላይ ለነበረው ለአለን ሰጠው። 5.2 ሰከንድ ሲቀር 95 እኩል ሆኑ፤ ማያሚ ሂት በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ 100 አሸነፈ።

ሰው ሁሉ እጁን ያያል። አንቺ ቪዲዮውን አዘግዪና እግሩን እዪ። ቦሽ ኳሷን ሲይዝ አለን ገና ወደ ኋላ እየሄደ ነው። እርምጃው አጫጭር ነው፤ ዓይኑ ከቦሽ አይነቀልም፤ መስመሩን ጎንበስ ብሎ አላየም። ሲወረውር ሁለቱም እግሮቹ ከመስመሩ ውጭ፣ ከሜዳው ውስጥ ነበሩ። በማዕዘኑ በኩል ያለው ቦታ እኮ ጠባብ ነው። እናንተ በምትጫወቱበት ሕግ ከባለ ሦስት መስመሩ እስከ ጎን መስመሩ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ጣት መስመሩን ከነካች ሦስቱ ነጥብ ሁለት ይሆናል፤ ተረከዝሽ የጎን መስመሩን ከነካ ደግሞ ኳሷ ለተጋጣሚ ትሰጣለች።

ያ እርምጃ የዚያን ምሽት አልተወለደም። አለን ብቻውን የሚሠራው ልምምድ ነበረው፦ ቅርጫቱ ሥር ቀለም በተቀባው ክልል በጀርባው ይተኛል፤ ተስፈንጥሮ ይነሣና ፊቱን ሳያዞር ወደ ማዕዘን በኋሊት ይሮጣል፤ እዚያ ሲደርስ ፓስ ይመጣለታል፤ መስመር ሳይረግጥ ይወረውራል። የሚያየው ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። አንቺ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀኝ 10 በግራ 10 ጊዜ ሥሪው። መጀመሪያ ያለ ኳስ አድርጊው፤ ከቅርጫቱ ሥር እስከ ማዕዘኑ ስንት እርምጃ እንደሚወስድብሽ ቁጠሪና ቁጥሩ እስኪጸና ድረስ ኳስ አትንኪ። ከዚያ ወንድምሽ ይወርውርልሽ። ሁልጊዜ ደረትሽ ላይ እንዳያሳርፍልሽ ንገሪው፤ ከሦስት አንዱን ጉልበትሽ ላይ ወይም ከራስሽ በላይ ያድርገው፤ በጨዋታ ማን አስተካክሎ ይሰጥሻል?

ስትጀምሪ ሁለት ነገር ይበላሽብሻል። አንደኛው፣ መስመሩን ለማየት ጎንበስ ትያለሽ፤ ቀና ስትዪ ኳሷ አጠገብሽ ደርሳለች። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው እርምጃ ይረዝምብሽና ክብደትሽ ተረከዝሽ ላይ ይቀራል። እንዲህ ሆነሽ የወረወርሻት ኳስ ሁልጊዜ አጭር ናት፤ ቀለበቱን ሳትሻገር ትቀራለች።

ስለ አጭር ካነሣሁ፣ ስትስቺ «ሳትኩ» ብለሽ አትለፊ። የት ሳትሽ? የቀለበቱን ፊት ከመታች ችግሩ እጅሽ ላይ ሳይሆን ጉልበትሽ ላይ ነው፤ ወይ ደክሞሻል፣ ወይ ጉልበትሽን ሳታጥፊ ቀጥ ብለሽ ወርውረሻል። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከሄደች ኳሷን የሚደግፈው የግራ እጅሽ አውራ ጣት ገፍቷታል፣ ወይም ክርንሽ ወደ ውጭ ወጥቷል። ሳትሽከረከር ከሄደች ከመዳፍሽ ነው የወጣችው፤ መውጣት ያለባት ከጣቶችሽ ጫፍ ነው። ከልምምድ በኋላ በደብተርሽ «አጭር 9፣ ግራ 4» ብለሽ መዝግቢ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ምን መሥራት እንዳለብሽ ራሱ ደብተሩ ይነግርሻል።

ከፍ አድርገሽ ወርውሪ የምልሽም ለውበቱ አይደለም። ቀለበቱ 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የእናንተ ባለ 6 ቁጥር ኳስ ስፋት ወደ 23 ነው። ኳሷ በ45 ዲግሪ ከወረደች ቀለበቱ ለእሷ 32 ያህል ሆኖ ይከፈትላታል። በ30 ዲግሪ ዝቅ ብላ ከመጣች 22 ተኩል ብቻ ነው የሚቀራት፤ ጠርዙን ሳትነካ ልትገባ አትችልም። የሰፈራችሁን ቀለበት ደግሞ በሜትር ለኪው፤ ከመሬት 3.05 ሜትር መሆን አለበት። ዝቅ ባለ ቀለበት የለመደ እጅ ውድድር ላይ ያሳፍራል።

የቅጣት ምት ላይ ብዙ አልልም፤ ግን የዚያን ምሽት ውጤት መልሰሽ አስቢ። በመጨረሻዎቹ 30 ሰከንዶች የስፐርሶቹ ማኑ ጂኖቢሊም ሌናርድም ከሁለት አንድ አንድ ሳቱ። ከሁለቱ አንዷ ገብታ ቢሆን የአለን ሦስት ነጥብ አያስተካክልም ነበር። አለን ራሱ በተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ ሁለት የቅጣት ምት አግኝቶ ሁለቱንም አገባ፤ በሙያ ዘመኑ ከ100 ወደ 89 ያገባ ነበር። አንቺ 50 ቅጣት ምት በተከታታይ ስትወረውሪ አያለሁ። ለጨዋታ አይጠቅምሽም። በጨዋታ የምትወረውሪው ሁለት ሁለት ነው፤ ያውም ትንፋሽሽ ተቆርጦ። ስለዚህ ሜዳውን ሁለቴ ሮጠሽ ሁለት ወርውሪ፤ እንደገና ሮጠሽ ሁለት። ዳኛው ኳሷን ከሰጠሽ በኋላ ያለሽ 5 ሰከንድ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደምታነጥሪ አሁኑኑ ወስኚና አትለውጪው።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣ። አለን በሲያትል ቡድን በ2006/07 በአማካይ 26.4 ነጥብ ያስቆጥር ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቦስተን ከፖል ፒርስና ከኬቨን ጋርኔት ጋር ሲገናኝ ወደ 17.4 ወረደ፤ ቡድኑ ግን ዋንጫ በላ። በማያሚ ደግሞ በ37 ዓመቱ ከተቀያሪ ወንበር ነበር የሚነሣው። አንቺም ስትቀመጪ ቱታሽን አታውልቂ፤ የቀዘቀዘ እግር የመጀመሪያውን ውርወራ ያሳጥራል። ተጋጣሚ በሩቡ፣ ከአራቱ የጨዋታ ክፍሎች በአንዱ፣ ስንት ጥፋት እንደሠራ ቁጠሪ፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ቅጣት ምት ስለሚሰጥ ገብተሽ ኳሷን ወደ ቅርጫቱ መንዳት ያዋጣል። ማዕዘኑን ትቶ ወደ መሐል የሚሳብ ተከላካይ የትኛው እንደሆነም ከወንበር ነው የሚታየው።

ያላገባሽበት ቀን ደግሞ ይመጣል። በ2010 ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ አለን 8 ባለ ሦስት ነጥብ አገባ፤ በፍጻሜ ታሪክ የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ 13 ወርውሮ አንዱንም አላገባም። የ2013ቱም እንዲሁ ነው፤ ከዚያች ዝነኛ ቅርጫት ቀጥሎ በመጣው ሰባተኛ ጨዋታ ምንም ነጥብ አላስቆጠረም፤ ማያሚ ግን ሻምፒዮን ሆነ።

የጨዋታ ቀኑ ግን አይለዋወጥም ነበር። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ተኩል እስከ 7 ይተኛል፤ 8 ተኩል ላይ ዶሮና ነጭ ሩዝ ይበላል፤ 9፡45 አዳራሽ ገብቶ ሰውነቱን ያፍታታል፤ 10፡15 ጭንቅላቱን ይላጫል፤ 10 ተኩል ሜዳ ላይ ነው። ተላጪ አልልሽም፣ የኔ እናት። ምግቡ ግን በጾም ሰሞን በምስር ወይም በሽሮ ቢሆንም ሰዓቱ አይዛነፍብሽ፤ ከጨዋታው ሦስትና አራት ሰዓት ቀድሞ፣ ሆድሽ የለመደው ይሁን።

ሰፈር ያለው ሜዳ የማዕዘን መስመሩ ስለጠፋ አንድ ጥቅል ነጭ ቴፕ በወንድምሽ ልኬልሻለሁ። ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ልክ እንደ ሕጋዊው መስመር። ከጎን መስመሩ ውስጠኛ ጠርዝ 90 ለክተሽ፣ የቴፑ ውጫዊ ጠርዝ እዚያ ላይ እንዲያርፍ አድርገሽ ለጥፊው። ሲሚንቶው አቧራ ካለው ስለማይይዝ ቀድመሽ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊና ይድረቅ።

እናትሽ