የእማዬ ነጠላ የት ሄደ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦ ሰላም ናችሁ? እኔ ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ባነር፣ ቲሸርትና የሰርግ ካርድ የምንሰራበት ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው የምሰራው። ያለፈው እትማችሁ ላይ የወጣውን የሙት ዓመት መታሰቢያ አይቼ ነው ይሄን የምጽፈው። የእናትየው ፎቶ ባክግራውንዱ ተነስቶ ሰማያዊ ላይ ተቀምጧል፣ እሺ ጥሩ፣ ግን ነጠላቸው ትከሻቸው ጋ በመቀስ የተቆረጠ ነው የሚመስለው፣ ጥለቱም ግማሹ የለም፣ ፀጉራቸው ዙሪያ ደሞ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ተርፏል። ለመውቀስ አይደለም፣ ስራዬ ስለሆነ አይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዛ ላይ ነው፣ እኔም ብሆን ከዚህ የባሰ ሰርቻለሁ።

አንዲት ልጅ የእናቷን ፎቶ ላከችልኝ፣ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር የሀገር ልብስ ለብሰው የተነሱት። ሐይቁም ሰማዩም ነጣ ያለ ሰማያዊ፣ ነጠላውም ነጭ። ስራ በዝቶብኝ ስለነበር ፎቶሾፕ ላይ በፔን ቱል (ጠርዙን በእጅ እየተከተሉ መቁረጫው) ዙሪያውን ቀስ እያልኩ በመልቀም ፋንታ ባንዴ ባክግራውንድ ከሚያነሱት ድረገጾች አንዱ ላይ ጫንኩትና አወረድኩት፣ ሳላየው ሁለት ሜትር ባነር ሆኖ ታተመ። ልጅቷ መጥታ ዘረጋችው፣ ዝም ብላ አየችው አየችውና "የእማዬ ነጠላ የት ሄደ?" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማሽኑ እኮ የሚያደርገው ሰውዬው የቱ ጋ አልቆ ከጀርባው ያለው የቱ ጋ እንደሚጀምር መገመት ነው። ጥቁር ሹራብ የለበሰ ሰው ነጭ ግድግዳ አስደግፈህ ካነሳህለት ጎበዝ ነው። ነጠላ ግን ስስ ነው፣ ከኋላው ያለውን ያሳያል፣ አለ ወይ የለም ተብሎ አይቆረጥም። ትራንስፓረንት ፎቶ (ባክግራውንዱ ባዶ የሆነ) ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ከቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሌላ አልፋ የሚባል አራተኛ ቁጥር አላት፣ 0 ከሆነ ጭራሽ አትታይም፣ 255 ከሆነ ድፍን ናት፣ ነጠላው መሀል ላይ መዋል አለበት። እሱም ተስተካክሎ የሐይቁ ቀለም ነጠላው ውስጥ ስለገባ ሌላ ባክግራውንድ ላይ ስታስቀምጠው ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል፣ እሱን ደግሞ ለብቻው ማጽዳት ነው። ከዛ ቀን ወዲህ ኢሬዘር (ማጥፊያውን) አልነካም፣ አንዴ አጥፍተህ ሴቭ ካረክ አይመለስማ። ሌየር ማስክ ነው የምጠቀመው፣ ፎቶውን ሳያጠፋ የሚሸፍን መጋረጃ በሉት፣ በጥቁር ስትቀባው ይደበቃል፣ በነጭ ስትቀባው ይመለሳል፣ ነጠላው ጋ ስደርስ በግራጫ። ፎቶሾፕ መክፈል ላቃተው ጊምፕ የሚባል ፕሮግራም በነፃ ይሄንኑ ይሰራል።

ጥፋቱ ሁሉ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ ግን። "ትራንስፓረንት ነው" ተብሎ በቴሌግራም የሚላክልን ሎጎ ስንከፍተው ነጭ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፣ ምክንያቱም እንደ ፎቶ ሲላክ ጄፔግ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ይቀየራል፣ ጄፔግ ደሞ አልፋ የሚባል ነገር አይዝም። አልፋ የሚይዘውን ፒኤንጂውን እንደ ፋይል ላኩት ብለን ብለን ደከመን። ፕሮግራሞቹ ባዶ ቦታን የሚያሳዩበትን ያንን ዳማ የመሰለ ግራጫና ነጭ ካሬ ያለበትን ፎቶ ከኢንተርኔት አውርደው ትራንስፓረንት ነው የሚሉም አሉ፣ ካሬው ራሱ እኮ ፎቶው ላይ የተሳለ ነው፤ አንዱማ እየነገርነው ከነዳማው ቲሸርት አሳትሞ ለብሶት ሄደ።

እናንተን የምለምነው፣ የመታሰቢያ ፎቶ ሲመጣ ጊዜ ከሌላችሁ ባክግራውንዱን ተዉት። ሐይቁም ይታይ፣ ዛፉም ይታይ፣ ምን ያደርጋል? እኔም ለልጅቷ ባነሩን በራሴ ወጪ ደግሜ ያተምኩላት ሐይቁን ሳልነካ ነው። የዚያኛው ማስታወቂያ ቤተሰቦች ደሞ ኦሪጅናሉ ካላቸውና ከፈቀዱ ለኔ ላኩልኝ፣ በነፃ አስተካክዬ እመልሳለሁ፣ ግን ዛሬ ልኮ ዛሬ ማለት የለም፣ ነጠላው ብቻውን አንድ ሰዓት ይፈጃል። እንደ ፋይል ይሁን አደራ።

አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ