ሌት ተብሎ ይመዝገብልኝ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? እናትሽ፣ ልጆቹ፣ ሰፈሩ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ፣ እግዚአብሔር ክብሩ ይስፋ፣ ደኅና ነኝ። ደብረ ማርቆስም እንዳለች አለች። ብርዷም አለ። ዛሬ ጠዋት ጋቢ ደርቤ ነው ክፍል የገባሁት።

ትናንት ማታ ቴሌግራሜን ሳጸዳ ስምሽ ሥር በቀይ «ድራፍት» የሚል አየሁ። ከፈትሁት። «እህት ዓለሜ፣ የጠየቅሽኝን ነገር በሰፊው ልመልስልሽ ብዬ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ነሐሴ 2015 ላይ የጀመርሁት ነው። ያን ሰሞን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ አንድ ዓመት ገደማ እንደጠፋ ቆየ። ይሄ ለአንዱ ዓመት ምክንያት ይሆነኛል። ለተረፈው ምክንያት የለኝም። ኔት ሲመለስ «አሁን ምን ብዬ እጀምራለሁ» እያልሁ አፈርሁ፤ ባሰነበትሁት ቁጥር ደግሞ ባሰብኝ። ተማሪዎቼን በእንግሊዝኛው «ሌት»፣ ዘግይቷል፣ እያልሁ ነጥብ ስቀንስ የኖርሁ ሰው፣ ዛሬ የኔንም ሌት ብለሽ መዝግቢልኝ።

የጠየቅሽኝ እንዲህ ነበር፦ «ተማሪዎች አሳይመንታቸውን በኦንላይን ያስገቡ፣ ምን እንደተማሩም ራሳቸው ይጻፉ ብለውናል። አንቺ ቀድመሽ ጀምረሻልና እንዴት ነው ነገሩ?» እስካሁን ከኔ በላይ አውቀሽው ይሆናል። ቢሆንም ዕዳ ነውና ልመልስ።

ሒሳብ የማስተምራቸውን ታውቂያለሽ። ቅዳሜና እሑድ የሚመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹ ገጠር የሚያስተምሩ የአንደኛ ደረጃ መምህራን። ላፕቶፕ ያለው በጣት ይቆጠራል። ሁሉም ነገር በስልክ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቁልፉ ልንገርሽ። ጉግል ክላስሩም ላይ፣ አሳይመንት በኦንላይን የምንሰበስብበት ማለቴ ነው፣ ፋይል ማያያዝ አንድ ነገር ነው፤ «ተርን ኢን» (አስገባ) የሚለውን መጫን ሌላ ነው። ስትጫኚውም ወዲያው አይሄድም። ይግባ ወይ ብሎ እንደገና ያስጭንሻል። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ከረቡዕ ገበያ ወዲያ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነው የምታስተምረው። ኔት ፍለጋ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን ተረተር ትወጣለች። ሥራዋን በወረቀት ጽፋ፣ ፎቶ አንስታ፣ እዚያው ላይ ቆማ አያያዘች። አንዴ ተጫነች። ስልኩ ሲጠይቃት ያለቀ መስሏት ዘጋችው። እኔ ጋ አልገባም። ቀኑ ሲያልፍ በቀይ «ሚሲንግ» (የለም) አለ። ዜሮ ሰጠኋት።

የሚቆጨኝ ምን መሰለሽ? ተማሪው ያያያዘውን ፋይል፣ ገና ባያስገባውም፣ አስተማሪው ከፍቶ ማየት ይችላል። ስሟን አንዴ ብነካ ኖሮ አራቱም ገጽ እዚያው ነበር። እኔ ግን ቀዩን አየሁና አለፍሁ። ቅዳሜ ስትመጣ አልተቆጣችም። ስልኳን አውጥታ ፎቶዎቹን አሳየችኝ። ወረቀቱን ሣር ላይ ዘርግታ፣ ነፋስ እንዳይወስድባት ዙሪያውን በአራት ጠጠር ይዛ ነው ያነሳችው። ዜሮውን ሰረዝሁት። ጠጠሮቹ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፉም።

ቀጥሎ የሰዓቱ ጉድ አለ። ክላስሩም ቀን ብቻ ሰጥተሽው ሰዓት ካልነገርሽው ማብቂያውን በራሱ 11:59 ያደርገዋል። በፈረንጅ ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው፤ በእኛ ሌሊት 5:59። ይሄን ማን አስቦት? ግማሹ ተማሪ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያልቅ መስሎት ከብቱ ሳይገባ ተሯሯጠ። ግማሹ ንጋት ላይ መስሎት ሲሠራ አድሮ ዶሮ ሲጮህ ላከ። ስድስት ሰዓት አሳልፎ! ከእነሱ አንዱ ጎልማሳ መምህር ናቸው። «ጋሼ፣ ሌት ነው ያስገቡት» አልኋቸው። «አዎ የኔ ልጅ፣ ሌት ነው፤ ዓይኔን እንኳ አልከደንሁም» አሉኝ። የኔን እንግሊዝኛ እሳቸው በአማርኛ ሰሙት። ምን ብዬ ነጥብ ልቀንስ? አሁን ለተማሪዎቹ «ማታ 3 ሰዓት» ብዬ በቃል እጽፋለሁ፤ ስልኩ ላይ 9 እሞላለሁ። አንቺም እንዲያ አድርጊ።

ፎቶውን በቴሌግራም የሚልኩልሽ ከሆነ እንደ ፋይል ይላኩ። እንደ ፎቶ ከላኩት ይጨመቅና የእርሳስ ጽሑፍ ጭጋግ ይሆናል። ስለ ቴክኒኩ ይሄ ይበቃል። የቀረውን ልጆችሽ ራሳቸው ያስተምሩሻል።

ዋናው ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው፤ «ምን እንደተማሩ ይጻፉ» ያሉሽ። እኛም አንድ ሰሞን ሥልጠና ወስደን ነበር። ግራሃም ጊብስ የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1988 ያወጣው ባለ ስድስት ደረጃ ዑደት አለ። ምን ሆነ፣ ምን ተሰማህ፣ ምኑ ጥሩ ምኑ መጥፎ ነበር፣ ለምን እንዲያ ሆነ፣ ከዚህ ምን ያዝህ፣ ሌላ ጊዜ ምን ታደርጋለህ። ነገሩ መጥፎ አይደለም። ሆስፒታል ልምምድ ውሎ ለገባ ነርስ፣ መጀመሪያ ቀን ክፍል ገብቶ ለወጣ መምህር ይሆናል። ለየሳምንቱ የሒሳብ አሳይመንት ግን ካባ ለብሶ ውሃ መቅዳት ነው።

እኔ መቼ ገባኝ? ስድስቱንም በቅጽ አድርጌ ለቀቅሁት። 32 መልስ መጣ። «ምን ተሰማህ» የሚለው ሥር 31ዱ «ደስ ብሎኛል» ይላሉ። አንዱ «ራሴን እያመመኝ ነበር» አለ። እውነቱን የጻፈው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ዘጠኙ ደግሞ ቃል በቃል አንድ ናቸው፤ «መምህርታችን» የሚለው ላይ «ህ» ተዘላለች፣ በዘጠኙም። ኮፒ ፔስት እንኳ ይታረማል እኮ!

መላው የተገኘው ኔት በጠፋበት ዓመት ነው። ወደ ደብተር ተመለስን። መንገድ በተከፈተ ቀን ተማሪው ደብተሩን ዘበኛው ቤት ጥሎ ይሄዳል፤ እኔ ሰብስቤ አርሜ እመልሳለሁ። ቅጽ ማባዛት አይታሰብም፣ ወረቀቱ ውድ ነው። ስለዚህ «መጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ጻፉልኝ» አልሁ። የት ላይ ተሳሳትህ? ስህተቱ ከየት መጣ? በቃ። ምን ተማርህ የለም፣ ምን ተሰማህ የለም።

ሁለት መስመር ያልሁት ወረቀት ለመቆጠብ ነበር። አጎቴ ግን ሰሙና «ጉባኤ ቃና አደረግሻቸዋ!» ብለው ሳቁብኝ። ታስታውሻቸዋለሽ፤ ጎንጅ ቅኔ የተማሩት። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በእሱ ነው። እንዴት እንደሚማሩ ያን ቀን በደንብ ነገሩኝ። ተማሪው ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲደርስ፣ ይውላል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ አንዱ ቃል ላይ ያቆሙታል። «ይሄ ከየት መጣ?» ይላሉ። ግሱን፣ አገባቡን፣ ምሥጢሩን ያስረዳ እንደሆን ያልፋል። ካላስረዳ ተመልሶ ይቆጥራል። «ያማረ ቅኔ ይዞ የሚመጣ አለ፤ የሰው ከሆነ የኔታ በሁለት ጥያቄ ያወጡታል» አሉኝ። እኔ በቅጽ የፈለግሁት ነገር አጎቴ ቤት ሲታወቅ ኖሯል። ማን ጠይቋቸው?

ኔት ሲመለስ ሁለቷን መስመር ወደ ክላስሩም አመጣናት፤ በግል ኮሜንት። የግሉን ከተማሪውና ከአስተማሪው በቀር ማንም አያየውም። (አንዱ መጀመሪያ ቀን ተሳስቶ ለክፍሉ በሚታየው ጻፈ። «ማካፈል እስከ ዛሬ አልገባኝም» ያለው ለሁሉ ደረሰ። አፍሮ ሳያበቃ ሦስት ሰው ከሥሩ «እኔም» ብሎ ጻፈ።)

አንዱን ላሳይሽ። ከደጀን የምትመጣ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። 1/2 ሲደመር 1/3 ይሆናል 2/5 ብላ አስገባች። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደመረቻ። ይሄን ስህተት ስንት ዓመት አየሁት! ኤክስ አድርጌ ነበር የማልፈው። ሁለቱ መስመሯ እንዲህ ይላሉ፦

«ልጅ ሆኜም እንዲህ ነበር የምደምረው፤ ትክክል ይመስለኛል። አሁን ሳስበው ግን አባቴ የእኩልም የሲሶም ያርሱ ነበር፤ እኩል ላይ ሲሶ ጨምሬ ከእኩል ያነሰ አገኘሁ ብላቸው በጅራፍ ነው የሚያባርሩኝ።»

ሦስቴ አነበብሁት። እውነቷን ነው፣ 2/5 ከግማሽ ያንሳል። እኔ «ታቹን አንድ አድርጉ» እያልሁ ሰሌዳ ስሞላ ይሄን አንድ ቀን ተናግሬው አላውቅም። «ታዲያ አባትሽ ስንት ይሉ ነበር?» ብዬ መለስሁላት። ማታ ፎቶ ላከች። አንድ እንጀራ ሰፌድ ላይ፣ በስድስት ተቆርሷል። ሦስቱን ቁራሽ ወደ አንድ ወገን ሰብስባ «እኩል» ብላለች። ሁለቱን «ሲሶ» ብላለች። አምስት ቁራሽ ከስድስት። የስድስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ከሥሩ «እሱን ልጄ በላው» ትላለች።

ይሄን ፎቶ የአሳይመንቱ ነጥብ ቢጨመርም አላገኘውም ነበር። ነጥብ ስልሽ፣ አንድ ጥፋትም ሠርቻለሁ። ሁለቷን መስመር ከ5 ማረም ጀመርሁ። በሁለት ሳምንት ክፍሉ ሁሉ ኃጢአተኛ ሆነ። ያልሠሩትን ስህተት እየፈጠሩ ይናዘዛሉ። ለነጥብ የሚገባ ንስሐ አይተሽ ታውቂያለሽ? ተውሁት። አሁን ጻፈ ወይስ አልጻፈም፣ እሱን ብቻ ነው የምመዘግበው። በዚህ ከባልደረቦቼ ጋር አንስማማም። «ነጥብ የሌለውን ማን ይሠራል» ይሉኛል። ከአምስት አንዱ አይሠራም፣ እውነት ነው። ይቅርበት።

አሁን አሁን ጠይቀውት ጽሑፍ የሚጽፍላቸው ቻትጂፒቲም መጥቷል። «ይህ የትምህርት ጉዞ አስተሳሰቤን በጥልቀት ቀይሮታል» የሚል ይደርሰኛል። ክፍልፋይ ለመደመር ምን ጉዞ ያስፈልጋል? አልቆጣም። ቅዳሜ ክፍል ውስጥ አንዱን ጥያቄ ቁጥሩን ቀይሬ እሰጠውና «የት ላይ ያስቸግራል?» እለዋለሁ። እንደ የኔታ።

ድካሙንም አልደብቅሽም። ለሁሉም መመለስ አይቻልም። በየሳምንቱ ለአሥሩ በተራ እመልሳለሁ፤ ያውም በድምፅ፣ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ። የባጃጅ ጡሩምባ ይገባበታል። አንዴ ሽንኩርት ስገዛ ከነጋዴዋ ጋር የተከራከርሁት አብሮ ሄዶ፣ ተማሪው «መምህርት፣ ስንት አስወረዷት?» ብሎ መለሰልኝ።

አንቺስ? ልጆችሽ ስንት ናቸው? እነሱም «ደስ ብሎኛል» ይሉሻል? አንድ ሁለቱን ላኪልኝ፤ ስማቸውን ቆርጠሽ። ለፋሲካ ብቅ ካልሽ እናቴ ቅቤ አንጥራ አስቀምጣልሻለች። የዚያን ጊዜው አይደለም፣ አዲስ ነው።

ያቺ የጠጠሯ ልጅ አሁንም እኔ ጋ ናት። በየሳምንቱ ሁለቴ ተጭና ስታበቃ ስክሪንሾት ትልክልኛለች። «መምህርት፣ ገብቷል?» ትላለች። ከፍቼ አያለሁ፣ «ገብቷል» እላታለሁ። ይሄ ሲደርስሽ አንቺም እንዲያው «ገብቷል» በይኝ። የቀረውን ቀስ ብለሽ ትጽፊዋለሽ።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ፣
ከደብረ ማርቆስ