ነፍሰ ጡሯን ስለ ቬፕም እንጠይቃት፣ ሳናሳፍራት

ክቡር አዘጋጅ፣

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የእርግዝና ክትትል ክፍል እሠራለሁ። ባለፈው ወር አንዲት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የደም ግፊቷን ስለካ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ ቬፕ ችግር አለው እንዴ? ሲጋራውንማ ትቻለሁ፤ ይሄኛው እንፋሎት ብቻ ነው አሉኝ» አለችኝ። ቬፕ ፈሳሽ እያሞቀ እንፋሎቱ የሚሳብበት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው።

ሦስተኛ ቀጠሮዋ ነበር። ስለ አይረን እንክብሉ ጠይቀናታል፤ ስለ ምግቧም ጠይቀናታል። ስለ ጭስ ግን ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። እኔም ጭምር።

ለምን አንጠይቅም? «የኛ አገር ሴት አታጨስም» ብለን ስለምናስብ ነው። እርግጥ የሚያጨሱ ሴቶች ጥቂት ናቸው። ነውር ስለሆነ ግን ያሉትም ይደብቁታል። ሆዷ ከገፋማ ጭራሽ አትናገረውም። ቬፕ ደግሞ ለመደበቅ ምቹ ነው። ቢሸትም እንጆሪ ወይም ከረሜላ ነው የሚሸተው፤ ቦርሳ ውስጥ ከሊፒስቲክ ጋር ይቀመጣል።

ለእሷ የነገርኳትን ለአንባቢም ልንገር። ሲጋራ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ በእናቲቱ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ለጽንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል። የሚያጨሱ እናቶች ልጆች በአማካይ 200 ግራም ገደማ ቀንሰው የሚወለዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያለ ጊዜ የመወለድና በእንቅልፍ ላይ ድንገት የመሞት አደጋውም ይጨምራል። ቬፕ ትምባሆ ስለማያነድ በዚህ በኩል ከሲጋራ ይሻላል። አልዋሸኋትም።

ኒኮቲኑ ግን አለ፤ አብዛኞቹ ቬፖች ውስጥ አለ። እንግዴ ልጁን አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል። የጽንሱ አንጎል ሴሎቹን የሚያደራጀው በራሱ ኬሚካላዊ መልእክቶች ነው። ኒኮቲን ከእነዚህ አንዱን አስመስሎ ይገባና ሥራውን ያዛባል። ሳንባውም ላይ እንዲሁ። በእርግዝና ወቅት ያጨሱ እናቶች ልጆች ላይ አስምና ትኩረት የማጣት ችግር በብዛት ይታያል። ሁሉም ልጅ ይታመማል ማለት አይደለም። ቢሆንም የትኛው ልጅ እንደሚተርፍ ቀድመን አናውቅም።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቬፕንም ሺሻንም መሸጥ ከልክሏል። ወጣቶቹ ግን ከየትም ያገኙታል፤ አዋጁን ብቻ ተማምነን መቀመጥ የለብንም።

የምለምነው የሥራ ባልደረቦቼን ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ እንጠይቅ። በር ዘግተን፣ አማቷም ባሏም ሳይኖሩ፣ ፊታችንን ሳናጠቁር። «ታጨሻለሽ?» ማለት አይበቃም። ቬፕም ሺሻም በስማቸው ይጠሩ፤ ቬፕ የምትስብ ልጅ ራሷን እንደ አጫሽ አትቆጥርምና። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው እንዳለም እንጠይቅ። ካለ ደግሞ በኋላ እሱንም ጠርተን እናነጋግረው፤ የእሱ ጭስም ጽንሱ ጋ ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያቆመች እናት ልጇ ደህና ክብደት ይዞ የመወለድ ዕድሉ ሰፊ ነው። ዘግይታ ብታቆምም ይጠቅማል። ይህንን ሳንነግራት ማስፈራራት ብቻ ከክፍሉ ያሸሻታል፤ ከሸሸች ደግሞ ክትትሉንም ታቆማለች።

ያቺ ልጅ የሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች። ባለቤቷ ሳሎን ውስጥ እንደሚያጨስ ነግራኛለች። ይዛው እንድትመጣ ጠይቄያት «እሺ ሲስተር፣ እሞክራለሁ» ብላኛለች።

አክባሪያችሁ
አዋላጅ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ